የእርድ ቤቱ ጭቃ

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎኮች የሚጋሩት አንድ ዝቅ ያለ ቤት አለ። ሲሠራ የታሰበው ለማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለከብት ማረጃ ነበር። የእኛው ማብሰያ ክፍል የጥበቃዎች ማረፊያ ሆነ፤ ማጠቢያው ላይ የተሰበረ ወንበር ተከመረበት። የእርድ ቤቱ ግን ሥራውን እንደያዘ ቀረ። በዓል ሲደርስ ይከፈታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ታጥቦ ይቆለፋል። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሐል ያዘነብላል፤ መሐሉ ላይ ደም የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። ያንን ክፍል እስከ ዛሬ የማስታውሰው ግን በተካፈልነው ሥጋ አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ለወራት ጭቃ ስታጥብበት ስለነበር ነው።

ቁልፉ የሚቀመጠው ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላቸው አዛውንት ዘንድ ነበር። በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው ብዙ ዘመን አቃቂ ገበያ ሲነግዱ ኖረው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ወደዚህ የዞሩ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ትንሹም ትልቁም «አባባ» ይላቸዋል። ጎረቤቴ ቁልፉን ልትጠይቅ የመጣች ዕለት እኔ ባንኮኒያቸው ላይ ተደግፌ የሞባይል ካርድ እየፋቅሁ ነበር።

«አባባ፣ የእርድ ቤቱን እስከ ፋሲካ ድረስ ቢፈቅዱልኝ?»

«ምን ልታርጂበት?»

«ኧረ አላርድም። ጭቃ ላጥብበት ነው።»

አባባ ዘይት እየቀዱ ነበር፤ አቆሙና አዩዋት። «ጭቃ ይታጠባል እንዴ?»

«ይታጠባል።»

«ታጥቦ ምን ይሆናል?»

«ንጹሕ ጭቃ።»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋዜጠኛው፣ አንተ ሚኒስትር ሳይቀር ትጠይቃለህ አሉ። እስቲ ይቺን ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኋት። የማልጠብቀውን ያህል ግልጽ መልስ ሰጠችኝ፤ ያን ቀን የጀመረው ጥያቄዬም ዓመት ሙሉ አላቆመም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ዶክትሬቷን እየሠራች ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጎሕ ሳይቀድ ሚኒባስ ለመያዝ ስትወርድ የጫማዋን ድምፅ እሰማለሁ። ሰፈሩ ገና ሳትመረቅ «ዶክተሬ» ይላታል። «ገና ነኝ» ስትል «ለእኛ ሆነሻል» ይሏታል፤ ቀልድ ነበር፣ ግን ቀልዱ እያደር ይከብዳት ጀመር።

የምታጥበው ከአፋር በኩል የመጣ ቤንቶናይት የሚባል ግራጫ አፈር ነው። ለእኔ ስታስረዳኝ ከአንዱ ፌስታል ጥቂት ቆንጥራ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

«ጋሼ፣ ዝናብ የመታው የወረቀት እሽግ አይተህ ታውቃለህ? ደርቆ አንድ ድንጋይ ሲሆን? ይሄም እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበ ነው። እኔ የምፈልገው እያንዳንዱን ቅጠል ለብቻው ማውጣት ነው።»

«ቅጠሉ ምን ያህል ስስ ነው?»

«አንድ ፀጉር አምጣ። ውፍረቱን በአሥር ሺዎች ቦታ ክፈለው።»

«ማን አየው?»

«ዓይን አያየውም። መሣሪያ ያየዋል። አንተ የምታየው ግን ሲሠራ ነው» አለችኝ።

አሠራሩ ለዓይን ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አፈሩ በጨው ውሃ ይታሻል፤ በቅጠሎቹ መሐል ተቀምጦ የያዛቸው ካልሲየም በሶዲየም ይተካል። ከዚያ ጨዉ እስኪለቅ ደጋግሞ ይታጠባል። በመጨረሻ ምንም ነገር በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ያብጣል፤ ቅጠሎቹ በራሳቸው ይለያያሉ። አሸዋና ቆሻሻው ይዘቅጣል፤ ቅጠሎቹ ግን ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ያንን ውሃ ዝርግ ሳሕን ላይ አፍስሶ ቀስ ብሎ ሲያደርቁት ቅጠሎቹ እንደገና ይተኛሉ፤ አሁን ግን በሥርዓት፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሸፈነ። የሚገኘው ወረቀት የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሚታጠፍ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሲሳካላት ጠርታ አሳየችኝ። በፒንሳ ይዛ የቡታጋዝ ነበልባል ላይ አቆመችው። ጠቆረ። እጄን ልሰበስብ ስል በጨርቅ ጠረገችውና ሰጠችኝ። የጠቆረው ጥላሸት ብቻ ነበር፤ እሱ ራሱ አልተቃጠለም።

«ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ጓርኒሲዮን» አለች።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ አቃቂ ካሉት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የቦይለር ሠራተኛ ነበር። የእንፋሎት ቧንቧ ከቧንቧ ሲጋጠም እንፋሎቱ እንዳያመልጥ በሁለቱ ብረቶች መሐል የሚገባው ቀለበት ጓርኒሲዮን ይባላል። አባቴ ከግራጫ የአስቤስቶስ ሉክ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ይቆርጠው ነበር፤ ምሳ ሳደርስለት ቆሜ አይ ነበር። ቆርጦ ሲጨርስ ቀለበቱን ወደ አፉ አስጠግቶ አቧራውን እፍ ይለዋል። ያ አቧራ ለሳምባ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ የነገረን ሰው አልነበረም። እሷ ያንን ግራጫ ሉክ የሚተካ ነገር ከአገር አፈር ለመሥራት እየጣረች መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ጀምሮ ጀሪካን መሸከም ሥራዬ ሆነ።

ጀሪካኑ የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነበር። የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ ደህና ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ማንቆርቆሪያችን ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር እሷ በጨው አሽታ ያወጣችው ያው ካልሲየም ነው። ትንሽ ከገባ ቅጠሎቹ መልሰው ይጣበቃሉ። ስለዚህ ከላቦራቶሪው የተጣራ ውሃ በሁለት ሰማያዊ ጀሪካን በሚኒባስ ትጭናለች፤ እኔ ቃሊቲ ላይ ጠብቄ አንዱን እቀበላታለሁ። አንድ የሚኒባስ ረዳት ሁልጊዜ ያሾፍባት ነበር።

«እህቴ፣ ሰው ከገላን ውሃ ፍለጋ ይወጣል እንጂ ውሃ ይዞ ይገባል?»

«ጠበል ነው» ትለዋለች።

«እንግዲያው ለመኪናው ትንሽ ርጪለት። ፍሬኑ አሞታል።»

ተሳፋሪው ይስቃል፤ ወዲያው ሁሉም የፊቱን ወንበር አጥብቆ ይይዛል።

በዚያ ዘመን የገዢው ግንባር ስብሰባም ሆነ የእኛ ዜና ክፍል «ትራንስፎርሜሽን» በሚል ቃል የተሞላ ነበር። አለቃዬ ስለ ጎረቤቴ ሲሰማ ጊዜ አልፈጀበትም። «አገር በቀል ናኖ ቴክኖሎጂ! የፊት ገጽ ነው። አምጣው» አለኝ። ገና አንዴ ብቻ መሠራቱን ነገርኩት። «አንዴ ከተሠራ ተሠራ አይደል?» አለ። እኔ ግን ሁለተኛውን ሳላይ አልጽፍም አልኩ። ይህን ስነግራት «እኔም ሁለተኛውን ሳላይ አላምንም» አለችኝ።

ፈታኞቿም የጠየቋት ይህንኑ ነበር። አንድ ጊዜ የተገኘ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ድገሚውና አምጪ፣ በሁለት ብረት መሐል ገብቶ እንፋሎት ሲይዝ እንይ አሏት። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው። የተሰጣት ጊዜ የመጨረሻው ማራዘሚያ ነበር፤ ካልደገመችው ምዝገባዋ ይሰረዛል፤ የደከመችባቸው ዓመታት አብረው ይሄዳሉ። የእርድ ቤቱ ደግሞ ለፋሲካ በሬ መለቀቅ አለበት። በዚህ መሐል የዩኒቨርሲቲው ውሃ ማጣሪያ ማሞቂያው ተቃጠለ። ስትጠይቅ «ግዢው ሂደት ላይ ነው» ይሏታል። እርድ ቤት ያስቀመጠቻቸው ሁለቱ ጀሪካኖች፣ አንዱ ሙሉ አንዱ የተጋመሰ፣ የቀሯት ውሃ ሁሉ ነበሩ። ሥራውን ለመጨረስ ይበቃሉ ብላ አስልታ ነበር።

አንድ ጠዋት እርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። እጇ ላይ ያለው ብልቃጥ ሥሩ ላይ ጭቃ፣ ላዩ ላይ ጥርት ያለ ውሃ ይዟል። ቅጠሎቹ ተጣብቀው ዘቅጠዋል።

«ሁሉም እንደዚህ ሆነ» አለች።

እኔ ኬሚስትሪ አላውቅም። የማውቀው ነገሮች ሲበላሹ የሚጠየቀውን ጥያቄ ነው። ካለፈው ጊዜ ምን ተለየ አልኳት። አፈሩ ከዚያው ጆንያ ነው። ጨዉ ያው ነው። አስተጣጠቡ ያው ነው። እየቆጠረች እያንዳንዱን ራሷ ትሰርዘዋለች። ማን ገባ አልኳት።

«ማንም። ቁልፉ እንደሆነ እኔና አባባ ጋ ብቻ ነው ያለው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ አባባ ኮፊያቸውን እያስተካከሉ ከሱቃቸው መጡ። ፊታቸው ላይ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ አለ።

«ዶክተሬ፣ ትናንት ውሃ መጣ። አንቺ የለሽም። ሞላሁልሽ እኮ፣ አላየሽም?»

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። «ውሃ መጣ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ ቤት የዋለ ሰው የራሱን ብቻ ሞልቶ አይገባም። ሥራ የሄደውን ጎረቤት ጀሪካን አውጥቶ፣ ሞልቶ፣ በሩ ላይ አቁሞለት ነው የሚገባው። ማንም ደንብ አድርጎ አልጻፈውም። ግን ማታ ደክሞት የገባ ሰው ባዶ ጀሪካን ካገኘ ቤት የዋሉት ሁሉ ያፍራሉ። አባባ እርድ ቤቱን ከፍተው የተጋመሰውን ጀሪካን አይተው እንዴት ዝም ይበሉ? ክዳኑን ከፍተው በቧንቧ ውሃ እስከ አፉ ሞሉት። ሌላኛውም ትንሽ ጎደል ብሎ ስላዩት እሱንም አልተዉትም።

እሷ ተነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ደከሙልኝ» አለች።

«ምን ድካም አለው!» ብለው ሄዱ።

እስኪርቁ ጠበቀችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

«አትነግሪያቸውም?»

«ምን ብዬ? ውሃ ስለሞሉልኝ ዶክተር ሳልሆን ልቀር ነው ልበላቸው?»

ያን ሳምንት ቃሊቲ ያሉትን የመኪና ዕቃ መሸጫዎች አብረን ዞርን። ለባትሪ የሚጨመር የተጣራ ውሃ ይሸጣሉ። እሷ ከየሱቁ አንድ አንድ ጠርሙስ ገዝታ በማንኪያ እሳት ላይ ታደርቃለች። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ማንኪያው ባዶ ይቀራል። ማንኪያው ግን በየጊዜው ነጭ ቀለበት ያወጣል። አንዱን ሻጭ ማንኪያውን አሳየችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው።»

«ባትሪው ዝም ብሎ እየጠጣ አንቺ ምን ሆንሽ?» አላት።

በዚህ መሐል አባባ እሷ ሁለቱን ጀሪካን ደፍታ ደረጃ ስታጥብበት ያያሉ። ሱቅ ስገባ ያዙኝ።

«ጋዜጠኛው፣ ልጅቷ ውሃዬን ለምን ደፋችው? ጀሪካኑ ሽታ ነበረው?»

ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ መዋሸት አልችልበትም። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ሳሙና ልትገዛ ገብታ ቆማ ነበር፤ አባባ አላዩዋትም።

«ሰው ውሃ ተሞላለት ተብሎ ይከስራል?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «እና ልጅቷ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ!»

የዚያኑ ዕለት ፎቅ ድረስ ወጡ። ያን ደረጃ በጉልበታቸው ምክንያት የማይወጡ ሰው ናቸው። በሯን አንኳኩተው፣ «በምን ይመለሳል?» ብቻ አሏት። ዝናብ ከሰማይ በቀጥታ ከተቀዳ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው፤ በቆርቆሮና በአሸንዳ ያለፈ ግን አይሆንም። የሰማዩም ቢሆን መጀመሪያ የሚወርደው የፋብሪካውን ጭስና አቧራ አጥቦ ነው የሚመጣው፤ እሱ ማለፍ አለበት።

በልጉ ያን ዓመት ዘግይቶ ነበር። አባባ በየቀኑ ከሱቃቸው ወጥተው በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለውን ሰማይ ያያሉ። ለብሎኩ ሁሉ ደግሞ ነግረዋል። ሳፋ፣ ባልዲ፣ የዳቦ መጋገሪያ ሳሕን ሳይቀር ታጥቦ እየተጠበቀ ነበር።

ዝናቡ የመጣው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ወጣ፤ ወጥቶ ግን በየበረንዳው ሥር ቆመ፤ ምክንያቱም እሷ ገና «አሁን» አላለችም። ሜዳው መሐል ጥላ ሳትይዝ ቆማ ማንኪያዋን ወደ ሰማይ ዘርግታለች።

«ዶክተሬ፣ ዝናቡ ያንቺን ፈቃድ እስኪያገኝ ይጠብቃል?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ይታጠብ!» አሉት አባባ።

«ምኑ?»

«ሰማዩ!»

እኔ ሳፋዬን ይዤ ደመናውን አያለሁ። በምዕራብ በኩል ሳስቶ መገለጥ ጀምሯል። ብዙ የምርጫ ውጤት ጠብቄ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ልቤ የመታበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቢቆም ሌላ ዝናብ ከፋሲካ በፊት ለመምጣቱ ዋስትና የለም።

«የመጀመሪያውን አለቅልቁበትና ድፉት!» አለች። ሰው ሁሉ ዝናቡ ውስጥ ገባና ዕቃውን አለቀለቀ። ከዚያ «አሁን!» አለች፤ ሜዳው በሳፋ ተሞላ። አባባ በጥላቸው እየጠቆሙ ይዞራሉ። «ከቆርቆሮው ራቅ! አንቺ፣ ዛፉ ሥር አይሆንም፣ ወፍ አለ! ልጆቹን አስገቡ!»

ዝናቡ ሲያባራ እሷ ቡታጋዙን አውጥታ የእያንዳንዱን ዕቃ ውሃ በማንኪያ እየፈተነች ዞረች። አብዛኛው አለፈ። አንዲት ጎረቤታችን የያዘችው ሰፊ ሳፋ ግን ወደቀ።

«የእኔ ሳፋ ምን አለው?» አለች በቁጣ።

«ትንሽ ሽሮ ሳይኖርበት አይቀርም።»

«እና ሽሮ ቆሻሻ ነው?»

«ኧረ ምግብ ነው። ጭቃው ግን ጾመኛ ነው፣ ውሃ ብቻ ነው የሚወስደው።»

ሴትዮዋ ሳትወድ ሳቀች። ውሃውን ደፍታ ሄደች፤ እስከ ማታ ግን ሳፋዋን ስትፈትግ ሰምቻታለሁ።

ሁለቱ ጀሪካኖች አልሞሉም፤ ውሃው ግን በቃ። በማግሥቱ ጠርታ ብልቃጡን አሳየችኝ። ጭቃው አልዘቀጠም። ብልቃጡን ቀስ አድርጋ ስታዞረው ውስጡ እንደ ሐር ጨርቅ የሚያብረቀርቅ መስመር እየተጠማዘዘ አለፈ። ቅጠሎቹ ለየብቻ ሲሆኑና አብረው ሲዞሩ የሚታይ ነገር ነው አለችኝ። እኔ የዓይን ምስክር ነኝ፤ አይቻለሁ።

የቀረው ማድረቅ ነበር። የእርድ ቤቱ ወለል ወደ ቀዳዳው ስለሚያዘነብል ሳሕኑ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠ ደግሞ አንዱ ጎን ይወፍራል። ሳሕኑን ያስተካከልነው በኪሴ ያገኘኋቸውን የተፋቁ የሞባይል ካርዶች አንድ በአንድ ሥሩ እየወሸቅን ነው። በሬው ግቢ ሲገባ ስሱ ሉክ ደርቆ ወጥቶ ነበር።

ፈተናው ዕለት ውስጥ አልገባሁም፤ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስትመጣ በሚኒባሱ ግፊያ የሉኩ አንዱ ጥግ ተሰንጥቆባት ነበር። ከደህናው በኩል ቀለበቱን ቆርጠው በሁለት ብረት መሐል አሰሩት፤ እንፋሎቱን ያዘ። የሚስተካከል ሰጥተዋት፣ ጽሑፏም ላይ አንዳንድ ነገር ቀንሰው፣ አሳለፏት። ወጥታ «ገና ነኝ ማለት ቀረ» አለችኝ።

ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። አለቃዬ አጭር ነው ብሎ ከፊት ገጽ አወረደው፤ ውስጥ ገጽ ላይ በትንሽ ርእስ ወጣ። ያ ጓርኒሲዮን ዛሬ በየፋብሪካው ገብቷል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አላየሁምና አልጽፍም። ለእኔ የተረፈችኝ ያቺ የተሰነጠቀች ጥግ ናት፤ ለምኜ ነው የወሰድኳት። አንዳንዴ አውጥቼ እንደ አባቴ ወደ አፌ አስጠግቼ እፍ እላታለሁ። አቧራ የላትም። አባቴ አላያትም፤ እኔ ማየቴ ግን በሕይወቴ ከማመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

እሷ ከተመረቀች በኋላም ሥራዋን አላቆመችም፤ ከበዓል ውጪ እርድ ቤቱ የእሷ ሆነ። ሁለቱን ጀሪካኖች ለዝናብ ብቻ አድርጋ በትልቁ «አይሞላ» ብላ ጻፈችባቸው። አንድ ቀን ሥራ ሳልገባ ቀርቼ «ውሃ መጣ!» ሲባል ወረድኩ። አባባ የሌሉትን ሰዎች ጀሪካን እየሞሉ በተራ ይደረድራሉ። እርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ካሉት ከእሷ ሁለቱ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ጽሑፉን አነበቡ። የቧንቧውን ጎማ አስጠጉት፤ መልሰው አራቁት። ዞር ብለው ማንም እንዳላያቸው አረጋገጡ፤ እኔን አላዩኝም። ከዚያ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አንሥተው፣ ባዶነታቸው እንዳይታይ፣ አፋቸውን ወደ መሬት ገልብጠው አስቀመጧቸው።